እንሹና ሦስተኛው ጥሪ

የመምህርት ፈለቀች እናት ቅዳሜ ጧት ሞቱ፤ በዚያው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደግሞ አሰበ ተፈሪ ገበያ ውስጥ ቁጭ ብለው ቀይ ሽንኩርት ሲመርጡ ታዩ። ሌላ ሰው ቢያያቸው ነገሩ በሳቅ ባለፈ ነበር። ያዩዋቸው ግን አቶ አጥናፉ ናቸው፤ መርዶውን ከገዛ ልጃቸው አፍ ሰምተው «ነፍስ ይማር» ያሉ፣ ለቅሶ ትድረስ ብለውም የፈቀዱ አባት።

ልጃቸው ወሰንየለሽ ለውሸት አልተፈጠረችም። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ አራተኛ ክፍል ሳይንስ ታስተምራለች። መዋሸት ያለመደ ሰው ደግሞ ሲዋሽ ልክ አያውቅም። እሷም የባልደረባዋን ጤነኛ እናት ገድላ፣ ሚኤሶ ለቅሶ ልደርስ ነው ብላ ገና በማለዳው በጭነት መኪና ቁልቁል ወረደች።

የሄደችው ግን ታጁዲንን ተከትላ ነው።

ታጁዲን የከተማው ጽሑፍ ሠዓሊ ነበር። አባቱ ከስልጤ አገር መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ሱቁን እህቱ ኩብራ ትይዛለች፤ እሱ ጓሮ ሆኖ ቀለም እየበጠበጠ ሰሌዳ ይጽፋል። በዚያን ጊዜ፣ በ1972 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ለጽሑፍ ሠዓሊ ሥራ አይጠፋም፤ አብዮቱ መፈክር ይወዳል። ወሰንየለሽ ከትምህርት ቤቷ ተልካ ቀይ ጨርቅ ይዛ በመጣች ቀን «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚለውን እየጻፈ ነበር። እዚያው አጠገቡ በተጣለች ካርቶን ላይ ግን አንዲት ላም ሥሏል፤ ቀንዷ ረጅም፣ ሻኛ የሌላት፣ ጡቷ ከኋላ እግሮቿ መካከል ወለል ብሎ የሚታይ።

«ይቺ ላም ደግሞ ከየት መጣች?» አለችው።

«ከዋሻ።»

«አትቀልድ!»

«አልቀለድኩም፣ መምህርት። አባቴ ቆላ ለቆላ ሲነግድ በልጅነቴ ወስዶ አሳይቶኛል። ግድግዳው ሙሉ ቀይና ነጭ ከብት ነው። ማን እንደሣላቸው የሚያውቅ የለም። ያገሩ ሰዎች ሆልቃ ሎኒ ይሉታል፤ የከብቶች ዋሻ። ከዚያ ወዲህ እጄ ሥራ ሲፈታ የሚሥለው እሷን ነው።»

ቀና ብሎ አያት። አየችው። ቀለሙ ከብሩሹ ጠብ ብሎ «ተፈጥሮን» የሚለውን አበላሸው።

ያን አንድ መፈክር ለመውሰድ ወሰንየለሽ አራት ጊዜ ተመላለሰች። በአራተኛው ኩብራ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ሳቀችባት። «ወላሂ፣ ይሄ ትምህርት ቤታችሁ መፈክር ሊበላ ነው እንዴ?»

ወሰንየለሽ ፊቷ ቀላ። ትወደው ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእሱም ጭምር። እሱ እስላም፣ እሷ የቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፉት የአቶ አጥናፉ ልጅ። አባቷ በፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ናቸው። አንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሳያነቡ አይፈርሙም፤ «በፊርማ የገባ ሰው በእግሩ አይወጣም» ይላሉ። በዚያ ላይ ዘመኑ ሰው ከጥላው ጋር የሚጠራጠርበት ነው። የሶማሊያው ጦርነት ካበቃ ገና ሁለት ዓመቱ፤ ቆላው ፈንጂ ሞልቶበታል፣ ሽፍታም አለ ይባላል። የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ሰው ከከተማ አይወጣም። እነሱ የያዙትም ሚኤሶ ድረስ ብቻ ነው የሚለው።

ታጁዲን ግን «ዝናብ ሳይገባ፣ አንድ ጊዜ፣ ከኩብራ ጋር ሦስታችን ሆነን ዋሻውን እንየው» ሲላት፣ እሺ ከማለቷ በፊት እሺ ብላ ነበር።

ሚኤሶ ላይ የተቀበሏቸው ኦቦ ዓሊዩ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የታጁዲን አባት የድሮ ወዳጅ፣ ከብት አርቢ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ የሚል ልዩነት አያስቸግራቸውም። ከተማውን አልፈው፣ በጦርነቱ ከተቃጠለ አንድ ታንክ በስተምሥራቅ ታጥፈው፣ አንድ የደረቀ ወንዝ ዳር ሲደርሱ በትራቸውን አሸዋው ላይ ተክለው ቆሙ።

«ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ስማ! ከዚህ ወዲያ ስም መጥራት የለም። ስም ከጠራህ ዋራቤሳ ይሰማል። ሰምቶ ይይዘዋል። ኋላ አንተ የምትወደው ሰው ድምፅ አድርጎ ይጠራሃል።»

ዋራቤሳ የሚሉት ጅብን ነው። የሳይንስ መምህሯ ሳቋ መጣባት።

«ቀን እኮ ነው፣ ኦቦ ዓሊዩ። ጅብ በቀን ምን ይሠራል ብለው ነው?»

«ዋሻ ውስጥ ቀን የለም፣ ያ ኢንተላ፣ ልጄ። አንድ ነገር ልንገርሽ። ዋራቤሳ ሁለቴ ይጠራል። ሦስተኛውን አይችልም። ሦስቴ የሚጠራ ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛውን ካልሰማሽ አፍሽን እንዳትከፍች!»

ከዚያ እያንዳንዳቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና ስም አወጡላቸው። ታጁዲንን በቅልጥሙ ርዝመት ሳላ አሉት፤ ያ ቀንደ ቀጥ የሜዳ እንስሳ። ኩብራን መንገዱን ሁሉ ስታወራ ስለመጣች ጅግራ አሏት፤ «አላህ ያሳይዎት፣ ሌላ ወፍ አጥተው ነው?» ብላ ተቆጣች። ወሰንየለሽ ትንሽ ናት፤ ኮሽ ሲል ትደነግጣለች። እሷን በቆላዋ ትንሽ ሚዳቋ ስም እንሹ አሏት።

ወንዙን ተሻገሩ። ሽማግሌው «ፍየል ከረገጠበት እግርህን አታውጣ» ብለዋልና በፍየል ዱካ ላይ ተሰልፈው፣ አንዱ የሌላውን ኮቴ እየረገጠ ነው የሚሄዱት። ፈንጂ ፍየልና ሰው አይለይም፤ ፍየል ያለፈበት ግን ተሞክሯል። ወሰንየለሽ ዓይኗን ከታጁዲን ተረከዝ አላነሳችም። አንድ ቦታ ላይ አሸዋው ውስጥ የሰሐን ያህል የእንስሳ መዳፍ ታትሞ አየች፤ ጠርዙ ገና አልፈረሰም። ኦቦ ዓሊዩ አዩት፣ ምንም አላሉም፣ እርምጃቸውን ግን አፈጠኑ። ኩብራም ከዚያ በኋላ አላወራችም።

ግራሩ ሥር ሁለት ትንንሽ፣ ከጥንቸል ብዙም የማይበልጡ ነገሮች ብድግ አሉ፤ እግራቸው ቀጭን፣ አፍንጫቸው ሾጠጥ ያለ። ጎን ለጎን ሆነው አዩዋቸውና ጠፉ።

«አየሽ?» አለ ታጁዲን በሹክሹክታ። «ስምሽ ነው። እንሹ ካለ ጥንዷ አትውልም። አንዷን ካየሽ ሌላው እዚያው ነው።»

ልቧ ይመታ ነበር፤ ከፍርሃት ይሁን ከሌላው አልለየችውም።

ዋሻው ውስጥ የሽኮኮ ሽንትና የአሮጌ አጥንት ሽታ አለ። ዓይኗ ጨለማውን ሲለምድ ግን ሽታውን ረሳችው። ከብት! ከወለሉ እስከ ጣሪያው ከብት፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ቀንደ ረጅም፣ ጥጃ ያስከተሉ፣ በመካከላቸው እጃቸውን ወደ ላይ የዘረጉ ቀጫጭን ሰዎች። አሁን ውጪው ጠጠርና እሾህ ነው። ያን ጊዜ ግን እዚህ አገር ሣር ነበረ ማለት ነው፤ ወተትም ነበረ።

ግድግዳውን ለሦስት ተካፍለው ከብቶቹን ቆጠሩ። ታጁዲን ደብተሩ ላይ እየሣለ፣ እንደተነገራቸው እውነተኛ ስማቸውን ትቶ፣ ከሥሩ ጻፈ፦ «ሳላ 31፣ እንሹ 12፣ ጅግራ 4።» ተመልሶ ለመምጣትም መንገዱን ጻፈ፦ «ከተቃጠለው ታንክ ወደ ምሥራቅ፣ ከደረቁ ወንዝ በፍየል መንገድ።» ደብተሩን አቀበላትና ቀለም የሚመርጥ መስሎ ዘወር አለ። በገጹ ግርጌ አንድ ተጨማሪ መስመር ነበር።

«እንሹ ካለ ጥንዷ አትውልም።»

አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

«ምንም አትይኝም?» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«ገና ሦስቴ አልጠራኸኝም» አለችው።

ዞረ። ፈገግ ሊል ነበር። በዚህ መካከል ነው ከውጪ ድምፅ የመጣው።

«ወሰንየለሽ!»

አራቱም ደርቀው ቀሩ። በዚህ ምድር ላይ ከእነሱ በቀር ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። ድምፁ ግን… የአባቷ ድምፅ ነው። አባቷ በዚህ ሰዓት አሰበ ተፈሪ፣ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ጋዜጣ ማንበብ አለባቸው። ፀጉሯ ቆመ። ሳይንስ ከነመጽሐፉ ከራሷ ውስጥ ወጥቶ ሄደ።

ኦቦ ዓሊዩ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ወሰንየለሽ!» አለ ድምፁ ደግሞ፤ ቀረብ ብሎ፣ የሚያለቅስ መስሎ።

አፏ ሊከፈት ሲል ታጁዲን እጇን ያዘ። ከተዋወቁ ጀምሮ ሲነካት የመጀመሪያው ነው። «አትመልሺ» አላት በዓይኑ። ሦስተኛውን ጠበቁ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ሦስተኛው አልመጣም። ኩብራ ማለቂያ የሌለው ዱዓ ጀመረች። ከውጪ ጠጠር ተንሸራተተ፤ አንድ ነገር በቀስታ፣ ሆን ብሎ ወደ ዋሻው አፍ እየመጣ ነው።

ብርሃኑን የጋረደው ጅብ አልነበረም። የክላሽ አፈሙዝ ነበር።

«እጅ ወደ ላይ!»

አምስት ሚሊሺያዎች ናቸው። ከኋላቸው፣ አንዱ አፋቸውን በእጁ እንደያዛቸው፣ አቶ አጥናፉ ቆመዋል። ሟቿን ሴትዮ ገበያ ላይ ባዩ ጊዜ ሽንኩርታቸውን ጥለው ሮጠው፣ ከታጁዲን ሱቅ ጎረቤት ነገሩን ሰምተው፣ በተገኘው መኪና ሚኤሶ ወርደው፣ ልጄ ቆላ ገባችብኝ ብለው የጥበቃውን ጣቢያ ደጅ ያንኳኩት እሳቸው ናቸው። የልጆቹን ዱካ ተከትለው ዋሻው ደጅ ደርሰው፣ ሁለቴ ተጣርተው መልስ ሲጠፋ ሚሊሺያዎቹ ነገር ሸተታቸው። ስሙ ተጠርቶ የሚደበቅ ሰው የሚደብቀው ነገር አለዋ! አባትየው ለሦስተኛው አፋቸውን ሲከፍቱ አፋቸውን ያዟቸው።

አቶ አጥናፉ የመጡት ልጅ ፍለጋ ነበር። ያመጡት ግን እስረኛ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጣቢያው ባለ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ውጪ አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። እስረኛ ወደ ሐረር የሚወስድ መኪና እንደሆነ ወሰንየለሽ ማንም ሳይነግራት አወቀች። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው በከተማቸው አልሰማችም።

የጣቢያው ኃላፊ ደብተሩን ገለጠ። አጭር፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነው።

«ሳላ ሠላሳ አንድ። እንሹ አሥራ ሁለት። ጅግራ አራት» አለ ቀስ ብሎ። «የበረሃ ስም ነው። የበረሃ ስም ማን እንደሚጠቀም እናውቃለን። ሠላሳ አንዱ ምንድን ነው? ሰው ነው? መሣሪያ ነው?»

«ከብት ነው» አለ ታጁዲን።

«የሥዕል ከብት!» አሉ ኦቦ ዓሊዩ ሊያግዙ። «ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«አሃ። ስም የምታወጣው አንተ ነህ» አለና ጻፈ ኃላፊው። ሽማግሌው ዝም አሉ፤ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

«ሳላ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ታጁዲን ወዲያው። «ጅግራም እኔ ነኝ። ደብተሩም የኔ ነው። እነዚህ ሴቶች ምንም አያውቁም።»

«እንሹ ማናት?»

ታጁዲን መሬት መሬት አየ። «እንስሳ ናት።»

ኃላፊው ጥፊ ሰነዘረበት። ከከንፈሩ ደም ወረደ። ወሰንየለሽ ወደ አባቷ ዞረች። አቶ አጥናፉ ጥግ ላይ ቆመው ራሳቸውን ለሷ ነቀነቁ፦ አትናገሪ፣ ልጄ፣ አትናገሪ።

«ለሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ። እንሹ ማናት? ተናገሩና ይቅለላችሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እኔ የምመነጠር ሰው አይደለሁም።»

ታጁዲን ወሰንየለሽን አያትና በዚያ በሚደማ ከንፈሩ ያንኑ ቃል ያለድምፅ አላት። አትመልሺ። ኃላፊው በጭንቅላቱ ወደ በሩ አመለከተ፤ ሁለት ሚሊሺያዎች ታጁዲንን በብብቱ አንስተው ወደ መኪናው መጎተት ጀመሩ።

ያን ጊዜ ወሰንየለሽ ሳታውቀው አንድ እርምጃ ወደ በሩ ተራመደች። አባቷ እርምጃዋን አዩ። ፊቷንም አዩ። ሃያ ሦስት ዓመት ያሳደጉት ፊት ነው፤ የተጻፈበትን ለማንበብ ሦስት ጊዜ አላስፈለጋቸውም።

«ወሰን» አሉ በቀስታ። «እንሹ… ማናት?»

ሦስተኛው ጥሪ ይኸው ነበር። ሰው ነው የጠራት።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ሚሊሺያዎቹ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ጥሩ» አለ ኃላፊው ደብተሩን እያነሳ። «እንግዲያው ይህን ትዕዛዝ አስረጂኝ። ‹እንሹ ካለ ጥንዷ አትውልም›። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ነው የምትንቀሳቀሱት? ጥንድሽ ማነው?»

«ትዕዛዝ አይደለም፣ ጓድ።» ድምጿ ተሰበረ፤ ጠገነችው። «እሱ ነው። ጥንዴ እሱ ነው። ፍቅር ነው። መናገር አፍሮ ጻፈልኝ፤ እኔም መመለስ ፈርቼ ዝም አልኩት። እወደዋለሁ። ከብቶቹን ካላመኑ ሄደው ይቁጠሩ፤ አሥራ ሁለቱ የኔ ናቸው፤ አንዷ ጥጃ አላት።»

አንዱ ሚሊሺያ ሳቁን በጉሮሮው ሊያስቀር ሞክሮ አመለጠው። ሌላውም ተከተለው። ኃላፊው ጆሮው ቀላ፤ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ለፍቅር ደብዳቤ ነው ይህን ሁሉ ቤንዚን ያቃጠልኩት?»

ሽማግሌውን የሚኤሶ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋልና ለቀቋቸው። ሁለቱን ሴቶች አቶ አጥናፉ ፈርመው እንዲወስዱ ተባለ። ታጁዲን ግን የቀረ ጥያቄ አለው፤ ያለ ዋስ አይወጣም። ዋሱም ዘመድ መሆን አለበት።

«ዘመድ አለህ?»

«እህቴ» አለ። እህቱ ራሷ ገና እስረኛ ናት። «አባቴ ሞቷል።»

መኪናው ደጅ ላይ ያጓራል። ወሰንየለሽ አባቷን አላየችም፤ ማየት አልደፈረችም። የለመደችውን የአባቷን ሳል ሰማች። ከዚያ ወንበር ሲሳብ ሰማች።

አቶ አጥናፉ ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አላነበቡም። አንድም ጊዜ አላነበቡም። የዋስ ስም በሚለው ላይ ስማቸውን ጻፉ። «ከእስረኛው ጋር ያለው ዝምድና» የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ብዕሩ ቆመ። አንድ ጊዜ ልጃቸውን፣ አንድ ጊዜ ያን የሚደማ ልጅ አዩ።

«አማች» ብለው ጻፉ። ፈረሙ።

ወደ አሰበ ተፈሪ በመኪና ተመለሱ። መንገድ ላይ አባቷ ወደ ጨለመው ተራራ እያዩ፣ «ሁለቴ ጠራሁሽ» አሏት። «ለምን አልመለስሽልኝም?»

«ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር፣ አባባ» አለች።

አባቷ ሰባት ወር አላናገሯትም። እናቷ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እያለቀሱ፣ የታጁዲን አጎቶች ከስልጤ እያጉረመረሙ፣ ነገሩ ተጓተተ። በስምንተኛው ወር አቶ አጥናፉ እራት ላይ ሳይታሰብ ቀና አሉ። «መንግሥት ፊት አማቼ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። የተፈረመ አይሰረዝም» አሉና እንጀራቸውን ጠቀለሉ። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተጋቡ፤ እሷ በማዕተቧ፣ እሱ በሶላቱ እንደጸኑ።

ከዚያ ወዲህ ታጁዲን ከሥራ ሲመጣ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ከአጥሩ ውጪ ቆሞ «እንሹ!» ይላል፤ ሦስቴ። እሷም ሦስተኛውን ሳትሰማ አትመልስም። ልጆቻቸው ይስቃሉ፣ ጎረቤት ይስቃል፣ የቤቱ ልማድ ሆኖ አሥር ዓመት አለፈው።

ግንቦት 1983 ላይ ታጁዲን ለሥራ ሚኤሶ በወረደ ማግሥት መንግሥት ወደቀ። የሚሸሸው ወታደር መንገዱን ሞላው፤ ተኩስ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። አንድ ቀን ሆነ፣ ሁለት፣ አራት። ወሰንየለሽ ልጆቹን አልጋ ሥር አስተኝታ ከበሩ ጀርባ ቆመች። አቶ አጥናፉ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው አብረዋት ይጠብቃሉ።

በአምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከአጥሩ ውጪ ድምፅ ተሰማ። የደረቀ፣ የሰለለ፣ የማን እንደሆነ የማይለይ።

«እንሹ…»

ሰውነቷ ሁሉ ጆሮ ሆነ። እሱ ነው? ማነው? እንደ ልማዷ ጠበቀች። ከሩቅ ተኩስ ተንጣጣ።

«እንሹ…» አለ ድምፁ ደግሞ። ከዚያ ዝም አለ።

አቶ አጥናፉ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

«መልሺ እንጂ፣ ልጄ!» አሉ። «ሁለቴ ጠርቶ የሚደክመው ሰውም አለ።»

በሩን በረገደችው።